የደህናዎቹ ጣሳ

ድስቴን አበላሸብኝ። ሰው ስለ ባሌ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው። ከዳንግላ ገበያ ስንት ተከራክሬ ያመጣኋትን የሽሮ ድስት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ምድጃ ላይ ተጥዳ አገኘኋት። ጎሽ፣ ዛሬስ ምሳ ሠራልኝ ብዬ ክዳኗን ባነሳ የሚንተከተከው ሽሮ አይደለም፤ እርሳስ ነው። የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ! ሽታው አንጀት ያገላብጣል። እሱ ደግሞ የወጥ ጭልፋዬን ይዞ ዝቃጩን ከላይ ከላይ ይገፍፋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?" ብዬ ጮህሁ።

"አትጠጊ፣ ይፈናጠራል" አለኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ኤዲያ! ድስቷን ከነጭልፋዋ ያኔውኑ ለቀቅሁለት፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸው ተገለገሉባት።

ባሌ ሽባባው ይባላል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የደን ጠባቂ ሆኖ በጥርባና በዘንገና ዙሪያ ሲዞር ኖሮ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ እንጅባራ ዳር እኔው ጋ ተቀምጧል። እኔ የሻረግ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሠላሳውን ዓመት ያጣላን ያቺ ምንሽር ናት። ካባቱ የወረሳት፣ በወረዳ የተመዘገበች አሮጌ ጠበንጃ። ለእሷ የሚሆን ጥይት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ስንት ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የወጣ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ነው። ስለዚህ ሽባባው የተተኮሰ ቀልሃ እየለቀመ ራሱ ይሞላል።

አሞላሉን ብታዩ ሰው ጥይት የሚሠራ አይመስላችሁም። ቀልሃዎቹን በሎሚ ቀቅሎ ያጥባል፤ ወጥ ቤቴ ሦስት ቀን የመዳብ ሽታ ይሸታል። ከዚያ አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያዞረ ስንጥቅ ይፈልጋል። ከዳንግላ አንጥረኛ ሚስት የገዛት የወርቅ መመዘኛ ሚዛን አለችው፤ ባሩዱን የሚመዝነው በእሷ ነው። ሲመዝን ትንፋሹን ይይዛል። እኔም እንድይዝ ይፈልጋል! በሩን በኃይል ከዘጋሁ ጨርሶ ገልብጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። አረሩንም ይመዝናል፤ ፀጉር በምታህል ልዩነት ወደ ድስቷ ተመልሶ ይቀልጣል።

"አንዱ ትንሽ ቢበዛ ምን ይሆናል? ብዙ ባሩድ ቢገባበት ይበልጥ ይሮጥ የለም?" ብዬው ነበር አንዴ።

"ይሮጣል" አለኝ። "የት እንደሚሮጥ ግን አታውቂም። እኩል ካልሮጡ እኩል አይደርሱም፤ የሻረግ። የፈጠነ ሁሉ ደረሰ ማለት አይደለም።"

ባሌ የሚጸየፈው ብዙ ነው። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት ሲያሳዩት እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ጫፍ ነው የሚይዘው። አንዱ የሞላውን ፈትቶ አሸዋ የተቀላቀለበት ባሩድ ያገኘ ቀን ምሳ አልበላም። ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ካየ ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ የእሱ ጥይቶች በሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ይቀመጡ ነበር። አንደኛው ክዳን ያለው፣ የደህናዎቹ ጣሳ ነው፤ እያንዳንዷ ተመዝናና ተመርጣ የገባችበት። ሁለተኛው ክዳን የሌለው፣ የውራጆቹ ነው፤ መለኮሻዋ እርጥበት ያገኛት፣ ባሩዷ ያልታመነ፣ አንገቷ የላላ። በዓይን ብታዩአቸው አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጣሳው ብቻ ነው። ለሰርግ፣ ለቀብር ጥይት የሚለምነው ሰው ሲመጣ ከውራጆቹ ያፈስለታል፤ "ሰማይን ለመምታት ልክ አያስፈልግም" ይላል።

አሁን የባሰውን ልንገራችሁ። እኛ አገር ፈረስ ክብር ነው። በጥር ሃያ ሦስቱ በዓል ፈረሱ ግላስ ለብሶ፣ ተሸልሞ ሲጋለብ ያየ እንግዳ፣ እነዚህ ሰዎች ፈረሳቸውን ከልጃቸው አይለዩትም ይላል። እውነት ነው፤ አይለዩትም፤ እግሩ እስኪሰበር ድረስ። እግሩ የተሰበረ ወይ ያረጀ ቀን ልጓሙን ያወልቁና ጫካ ዳር ነድተው ይለቁታል። ለምን አትገድሉትም ስትሏቸው "ፈረስ አይገደልም፤ ነውር ነው" ይላሉ። ጅብ ከነነፍሱ ከኋላው ጀምሮ ሲበላው ግን ነውር አይደለም። እነሱ አልገደሉማ! እጃቸው ንጹሕ ነው! የጋሪ ፈረስማ ጫካም አይደርሰው፤ አስፋልት ዳር ይጣላል፣ ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋበት ያልፋል። እኔ ይሄን ሳስብ ያንገሸግሸኛል።

ሽባባው ደን ሲጠብቅ ጠዋት ጠዋት የሚያገኘው እነዚህን ነበር። ምን እንዳየ አይነግረኝም፤ ቁርስ አልበላም ሲል ግን አውቅ ነበር። አንድ ቀን ተነሣና እንዲህ ሆኖ የተጣለ ፈረስ መግደል ጀመረ። በአንድ ጥይት። አጠገቡ ሄዶ ይቆምና በአገውኛ ያናግረዋል፤ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ድምፁ ሲያዞር ይተኩሳል። ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ መያዝ ለዚህች ለአንዲቷ ጥይት ነው። ሁለተኛ አስፈልጎት አያውቅም። ገንዘብም ተቀብሎ አያውቅም።

ምስጋናው ምን ሆነ መሰላችሁ? "ፈረስ ገዳይ።" ሰንበቴ ላይ ጽዋው ከእሱ እጅ ሲደርሳቸው የጽዋውን አፍ በነጠላቸው ጠርገው ነው የሚጠጡት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። እነዚያው ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ፈረስ ሲሰበር በጓሮ በኩል፣ በድንቹ መሐል እያጎነበሱ ይመጣሉ። ቱ! እኔ ግን ከእነሱ እኩል በእሱም እናደድ ነበር። ምናለ እንደ ሰው ቢኖር፣ ምናለ አንድ ቀን ስሙ በደግ ቢነሣ እያልሁ እበግን ነበር።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜ ይሄነው ጥሊሊ ላይ አረፈ። ልጁ ፀጋው አስከሬኑ ሳይወጣ በሞተር ብስክሌት መጣ። ዓይኑ አብጧል።

"ጋሼ ሽባባው" አለው፣ "አባቴ በዝምታ አይቀበርም። ጥይት ይስጡኝ።"

ሽባባው አቅፎት አለቀሰ። ይወደው ነበር ወንድሜን። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ "ከውራጆቹ ስጪው፤ እኔ ልብሴን ልቀይር" አለኝ።

ከውራጆቹ! ለወንድሜ! በዚያው ዓመት የአንድ ጎረቤታችን ቀብር ላይ የሦስት ሰው ጠበንጃ ተራ በተራ ከሽፎ፣ ለቀስተኛው በነጠላው አፉን ይዞ ሲስቅ ዓይኔ አይቷል። የሟች ሚስት ከሬሳው በላይ ያፈረችው በዚያ ነው። የእኔ ወንድም እንዲህ ይሁን? የደህናዎቹን ጣሳ ከፈትሁ። ዘጠኝ ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ የለፋባቸው ዘጠኝ ጥይቶች። ሁሉንም ፀጋው ኮሮጆ ውስጥ ገለበጥሁ። ጣሳው ባዶ እንዳይሆን ከውራጆቹ ዘጠኝ ቆጥሬ ሞላሁበትና ክዳኑን ገጠምሁ። 

ቀብሩ ላይ ዘጠኙም አስተጋቡ። አንድም አልከሸፈ። ተራራው ተቀብሎ ሲመልሰው፣ ሰው "ወይ ይሄነው!" ሲል፣ እኔ ከእንባዬ መሐል ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ! ሽባባው ድምፁን ሰምቶ ዞር ብሎ "የዛሬዎቹ ውራጆች ደህና ናቸው" አለኝ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አርባው ይውጣ አልሁ። አርባው ወጣ፤ ገና ይለፍ አልሁ። ገና አለፈ፤ ጥምቀት መጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው።

ጥር ሃያ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንዳልካቸው በጓሮ በኩል መጣ። እንዳልካቸውን የማያውቅ የለም፤ ዳማ የሚባል ቀይ ፈረስ ይዞ በየዓመቱ በበዓሉ ከፊት የሚጋልብ፣ ሲፎክር ጉሮሮው የሚያምር ሰው ነው። ሰንበቴ ላይ ጽዋውን ከሁሉ አብልጦ የሚጠርገውም እሱ ነው።

"እትዬ የሻረግ፣ እንደምን ዋሉ? ጋሼ አሉ?" አለኝ መሬት መሬቱን እያየ።

ሽባባው ወጣ። እንዳልካቸው እጁን እያሻሸ "ዳማ ልምምድ ላይ ጉድጓድ ገባብኝ፤ የፊት እግሩ ተሰበረ" አለ። "እኔ እንግዲህ ግደሉልኝ አላልሁም። ያለበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

"የት ጣልኸው?" አለው ሽባባው።

"ከጥርባ በታች፤ ከቀርቀሃው ዳር።"

"ኮርቻውንስ?"

"ኮርቻውን… ቤት አስገባሁት።"

"እሱን አልረሳኸውም" አለና ሽባባው ተፋ። ወደ ውስጥ ገባ። ምንሽሯን አንግቶ የደህናዎቹን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደ። ክዳኑን ሲከፍት እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።  ሦስት ጥይት አወጣ፤ አንዷን ለፈረሱ፣ ሁለቱን መንገድ ላይ ለሚመጣ አውሬ። ሳያያቸው ነው ኪሱ የከተታቸው። ለምን ያያቸዋል? መዝኖ የጨረሳቸው መስሎታል።

"ሽባባው!" አልሁ።

ዞረ። "ምንድን ነው?"

እንዳልካቸው ቀና ብሎ አየኝ። ያ ጽዋ ጠራጊ፣ ያ ግም፣ ዓይኑን ተክሎብኝ ቆሟል። በእሱ ፊት ባሌን ሰረቅሁት ልበል? ነገ ከተማው ሁሉ ይስማ? ምናልባትም ደግሞ ይሠሩ ይሆናል፤ በየቀብሩ ከውራጆቹ የሚሠሩም አሉ፤ እንዲህ እንዲህ አልሁ በሆዴ።

"ጋቢህን ደርብ፤ ይበርዳል" አልሁት።

ደረበና ሄደ። እንዳልካቸው በመጣበት በድንቹ መሐል ተመልሶ ሄደ። እኔ እስኪሰወር ጠበቅሁ። መንገድ ላይ ደርሼበት እነግረዋለሁ ብዬ ተከተልሁ። ሽባባው ግን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ አካሄዱ የደን ጠባቂ ነው። ስጠራው ነፋሱ ድምፄን ይወስደዋል። በዲከረንስ ዛፎቹ መሐል አቋርጬ ቀርቀሃው ጋ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ እሱም ፈረሱ ፊት ቆሟል።

ዳማ በሦስት እግሩ ቆሟል። አራተኛው ከጉልበቱ በታች ተንጠልጥሏል። ላቡ ደርቆ ነጭ ሆኖበታል። ሽባባው በአገውኛ ቀስ እያለ ያናግረዋል። ድምፁ ቤት ውስጥ ለእኔ አውጥቶት የማያውቅ ድምፅ ነው። "ቆይ!" ብዬ ለመጮህ አፌን ስከፍት ፈረሱ ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ።

ቃ። ከሸፈ።

ሽባባው ጠበንጃዋን አየት አደረጋትና ሁለተኛዋን አጎረሰ። እንደገና አናገረው። ተኮሰ። የተኩስ ድምፅ አልነበረም፤ እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ሲፈነዳ የሚያሰማውን ዓይነት ነው፤ ጭሱ ግን በዛ። አረሯ እንኳን ግንባሩ ልትደርስ መንጋጋውን ቀደደችው። ፈረስ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ። በተሰበረው እግሩ ሊቆም ሞከረ፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ደሙ የሽባባው ጋቢ ላይ ተረጨ። ሦስተኛዋም ከሸፈች።

ባሌ ባዶ ኪሱን ዳበሰ። ሠላሳ አራት ዓመት ያንን ፊት አይቼበት አላውቅም። ከዚያ ጠበንጃዋን መሬት ጥሎ ከበታች ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ወዳሉበት ሮጠ። መጥረቢያ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። በአንድ ምት አላለቀም፤ በሦስትም አላለቀም። ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። ጨርሶ ሲቀመጥ አስመለሰው። እኔም ቀርቀሃ ተደግፌ አስመለሰኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። "እጄ አርጅቷል" አለ።

ቤት ገብተን  እግሩን አጠብሁት።

በሦስተኛው ቀን በዓሉ ሆነ። እንዳልካቸው የተዋሰው ግራጫ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ የዳማን ግላስ አልብሶት፣ ሲፎክር አየሁት። ሰው መሐል ደግሞ ምን ይላል? "ያ ፈረስ ገዳይ ዳማን እንደ እንጨት ፈለጠው!" ይላል። ሰዉም "ወይኔ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!" ይለዋል። ሽባባው ሰምቶ "እውነቱን ነው" አለ። የሚጠይቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ዓይኔ ሚዛኑን አያይልኝም፣ እጄ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ አልሞላም። ድስቷ ከነእርሳሷ ጓሮ ተቀመጠች። በጓሮ የሚመጡት ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እነዚያ ሁለት ፈረሶች የት እንደደረሱ አልጠየቅሁም። የወንድሜን ስም አደምቃለሁ ብዬ የባሌን ገደልሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው።

የካቲት ውስጥ ከአዲስ ቅዳም አዝመራው የሚባል ባለጋሪ መጣ። አመጣጡ በፊት ለፊት በር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ያረጀች ባዝራ እየሳበ። የኋላ እግሯ አብጦ መሬት አይነካም። እንዲህ በግልጽ የመጣ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

"ጋሼ" አለ፣ "ዘጠኝ ዓመት ልጆቼን ያበላች እሷ ናት። ለጅብ አልሰጣትም። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ይበል። እርስዎ በአንድ ጥይት ያሳርፋሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"ድሮ ነበር" አለው ሽባባው። "አሁን አሰቃያለሁ እንጂ አላሳርፍም፤ ልጄ። እጄ አይታመንም። ሂድ።"

አዝመራው ባዝራዋን አንገቷ ላይ መታ መታ እያደረገ ቆመ። እንባውን በክንዱ ጠረገ። አላስቻለኝም።

"ውሸቱን ነው!" አልሁ። "እጁ ምንም አልሆነም! ጣሳውን የለወጥሁት እኔ ነኝ። ደህናዎቹን ለወንድሜ ቀብር ሰጥቼ ውራጆቹን የከተትሁበት እኔ ነኝ!"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም ደስ ባለኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምን?"

"ሁለተኛዋ ስትጨስ አወቅሁ። አንዷ ብትከሽፍ የእኔ ሥራ ናት፤ ሦስቱም ግን የእኔ ሥራ አይደሉም። በማግስቱ የቀሩትን ፈትቼ አየሁ።"

"ታዲያ ለምን እጄ ነው አልህ? አገሩ ሁሉ ሲሰድብህ!"

"ምን ልበል? ሚስቴ ሰረቀችኝ ልበል? በወንድሟ ቀብር?"

አዝመራው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔ የባሌ እግር ሥር ወደቅሁ። "እንደገና ሙላ" አልሁት፣ "መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ ሁለተኛ አልነካም። ቆልፍበት ከፈለግህ።"

ክንዴን ይዞ አነሣኝ። "ጥይቶቹን መስጠትሽ አይደለም የከበደኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ለወንድምሽ ነው፤ ይገባኛል። ያን ቀን በር ላይ ጠራሽኝ። ልትነግሪኝ ነበር፤ አይደል?"

"አዎ።"

"እና ጋቢ አልሽኝ።"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ።

"አሁን ብሞላ፣ ብመዝን፣ ፈረስ ፊት ስቆም የማስበው ስለ አንቺ ነው" አለ። "ደህና ናት ወይስ አይደለችም እያሉ ምላጭ አይሳብም። ቁልፍ ቢገዛም ይሄ አይቆለፍም፤ የሻረግ።" ከዚያ ወደ አዝመራው ዞሮ "ይቅር በለኝ ልጄ" አለውና ወደ ቤት ገባ።

አዝመራው ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። ይመለሳል ብሎ ይሆናል። አልተመለሰም። ባዝራዋን አዙሮ እያነከሰች ቁልቁል በቀርቀሃው መንገድ ይዟት ወረደ። ጠርቼ ምን እንደምለው ሳስብ መታጠፊያው ላይ ከዓይኔ ተሰወሩ። ሰውን ሁሉ ስጸየፍ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ እንደዚያን ቀን በራሴ ግን አቅለሽልሾኝ አያውቅም።